ዐረብ አገር ያለች ልጅን ከጎጃም ሆኖ መርዳት፦ የቤተሰብ መመሪያ

ይህ መመሪያ ልጃቸው፣ እህታቸው ወይም ሚስታቸው ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ኩዌት ወይም ዱባይ በሰው ቤት ለምትሠራ፣ አልያም ለመሄድ ሻንጣ ለምታዘጋጅ የጎጃም ቤተሰቦች የተጻፈ ነው። አብዛኛው የቤት ሠራተኛ ሴት ስለሆነች «ልጅቱ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ እረኛ ወይም ሾፌር ሆኖ ለሄደ ወንድ ልጅም ያገለግላል።

ማመልከቻ ለሰው መጻፍ ሥራዬ ነው። ከዚህ ሥራ ያየሁት፣ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሕግ ጠፍቶ አለመሆኑን ነው። የሚቆመው ቤተሰቡ የልጅቱን የፓስፖርት ስም፣ የአሠሪዋን ስምና የላካትን ኤጀንሲ መናገር ሲያቅተው ነው። «ሳዑዲ ናት፤ ማዳሟ ክፉ ናት» በሚል መረጃ የትኛውም ኤምባሲ ሰው ፈልጎ አያገኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሥራ ግማሹ ችግር ከመምጣቱ በፊት፣ እዚሁ ደጀን፣ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ተቀምጦ የሚሠራ ነው።

1. መንገዱን አረጋግጡ

የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው። ዕድሜዋ 18 የሞላ፣ ሥልጠና ወስዳ የብቃት ማረጋገጫ ያገኘች ሠራተኛ፣ ኢትዮጵያ የሥራ ስምምነት ወደ ተፈራረመችበት አገር፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የጸደቀ ኮንትራት ይዛ ትሄዳለች። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ማስረጃና የብቃት ምዘና ወጪ የሠራተኛዋ ነው። ከዚህ ውጭ «ለቪዛው»፣ «ለትኬቱ»፣ «ለጉዳይ ማስፈጸሚያ» ተብሎ ብር ከተጠየቀ የሚጠይቀው ሰው ደላላ ነው።

ደላላው የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ዝምድናውን ትታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የኤጀንሲውን ፈቃድ፣ የጸደቀውን ኮንትራትና ለተቀበለው ብር ደረሰኝ። ሦስቱንም ካላመጣ በሬ አትሽጡ። የኤጀንሲውን ፈቃድ ራሳችሁ ለማጣራት የወረዳውን ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወይም በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን የሚወስድ መንገድ ኮንትራት የለውም፣ ተጠያቂ ኤጀንሲም የለውም። ሰውን በዚህ መንገድ ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወንጀል ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ ያላችሁ ቁጥር 7ን አንብቡ።

2. ስሟን አንድ አድርጉ

ብዙ ቤተሰብ ይህን ተራ ነገር አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው።

በእኛ አገር አንዲት ልጅ ሁለት ሦስት ስም አላት። በቤት የሺ፣ በትምህርት ቤት የሺወርቅ፣ በክርስትናዋ ወለተ ማርያም ትባላለች። በዚህ ላይ ደላላ ገብቶ ዕድሜ ለማስጨመር ወይም «ለዐረቦቹ የሚስማማ» ብሎ ሌላ ስምና ሌላ የአባት ስም ያለበት መታወቂያ ያስወጣላታል። ፓስፖርቱ በዚያ ይወጣል፤ ልጅቱም በዚያ ስም ትሄዳለች። ዓመት ሁለት ዓመት ምንም አይሰማም። ደመወዝ ስትከለከል፣ ስትታሰር ወይም ስትሞት ግን አባት ቆንስላ ጉዳዮች ቢሮ ሄዶ «የልጄ ጉዳይ ነው» ሲል፣ በወረቀቱ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ናት። ካሳ ቢኖር ማን ይቀበላል? አስከሬንስ ቢመጣ ማን ይረከባል?

ገና ያልሄደች ከሆነች የልደት የምስክር ወረቀቷን፣ የቀበሌ መታወቂያዋን፣ የፋይዳ ምዝገባዋን፣ የትምህርት ማስረጃዋንና ፓስፖርቷን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስምና የትውልድ ቀኗ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። በላቲን ፊደል የተጻፈውንም አትለፉት፤ አንድ ፊደል የተለየበት ስም በኮምፒውተር ሲፈለግ አይገኝም። የትውልድ ቀን ሲታይ የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት መታሰብ አለበት።

በሌላ ስም ሄዳ ከሆነ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። የፓስፖርቱን ስም በትክክል፣ ከፎቶው ገጽ ላይ፣ አስልካችሁ ያዙ። ቀጥሎ በወረዳው ፍርድ ቤት ምስክር አቅርባችሁ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ጠይቁ። ፀብና ክርክር በሌለበት ጊዜ ይህ ቀላል ጉዳይ ነው፤ ከሞተች በኋላ ግን ከባድ ነው።

ዕድሜ ማስጨመርን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ ልበል። የ15 ዓመት ልጅ 23 ተብላ ከሄደች፣ ስትታሰር እንደ አዋቂ ትታሰራለች፤ ስትደፈርም እንደ አዋቂ ትጠየቃለች። ሕፃን መሆኗን የሚመሰክርላትን ወረቀት ያጠፋው ላኪዋ ነው።

3. የቤቱን ፖስታ አዘጋጁ

አንድ ትልቅ ፖስታ ግዙ። ውስጡ የሚገባው፦ የፓስፖርቷ የፎቶ ገጽ፣ ቪዛው፣ ኮንትራቱ በዐረብኛም በአማርኛም፣ የኤጀንሲው ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ሁሉ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የሕክምና ምርመራ ውጤት፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ በቅርብ የተነሳችው ጉርድ ፎቶ። የሕክምና ውጤቱ ጤነኛ ሆና መሄዷን ያሳያል፤ ታማ ወይም ተጎድታ ስትመለስ ያለ እርሱ የምትከራከሩበት ነገር አይኖርም።

አንዱ ቅጂ በቤት ይቀመጥ። ሌላው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን፤ መንገድ በሚዘጋበትና የስልክ ዳታ በሚጠፋበት ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ዓባይን መሻገር እንደማይቻል አይተናል። ሦስተኛው በሁለት ሰዎች ስልክ ውስጥ በፎቶ ይቀመጥ።

ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ትክፈት። ንግድ ባንክም ይሁን ፀደይ ወይም ዓባይ ባንክ ልዩነት የለውም፤ ዋናው ነገር በወንድም ስም አለመሆኑ ነው። ወንድም ጋሼ በላከችው ብር በስሙ ቦታ ገዝቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ አግብቶ የገባበት ስንት ቤት አለ። ውክልና መስጠት ካለባት ለምን ለምን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ፤ «በሁሉም ጉዳይ» የሚል ውክልና አልመክርም።

የሚስጥር ቃልም ይኑራችሁ። «ቀይዋ ላም ወለደች ወይ?» ብላ ከጠየቀች ፈርታለች፣ በነፃነት ማውራት አትችልም ማለት ይሁን። ማዳሟ አማርኛ ባትሰማም ስልኩን ልትነጥቅ ትችላለች፤ የድምፅ መልእክቱን የምታስተረጉመው ሰውም አታጣም።

4. የመጀመሪያው ወር

እንደደረሰች የሚያስፈልጋችሁ፦ ያለችበት ከተማና ሰፈር፣ በዋትስአፕ የተላከ የቤቱ መገኛ፣ የአሠሪው (ከፊል የሚሉት) ሙሉ ስምና ስልክ፣ በዚያ አገር የተቀበላት ቢሮ (መክተብ የሚሉት) ስም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ወይም የኢቃማዋ ፎቶ። ኢቃማ ወዲያው ላይወጣ ስለሚችል በየሳምንቱ ጠይቋት።

የት እንዳለች እርግጠኛ ካልሆናችሁ የደወለችበትን ቁጥር መነሻ እዩ። 966 ሳዑዲ ነው፤ 971 ኤምሬትስ፣ 965 ኩዌት፣ 974 ኳታር፣ 973 ባሕሬን፣ 968 ኦማን፣ 962 ዮርዳኖስ፣ 961 ሊባኖስ። «ዱባይ ናት» ተብሎ የተነገራቸው ቤተሰቦች ቁጥሩ ኦማን ሆኖ ሲገኝ ደንግጠው ያውቃሉ። በኢሞ ስትደውል ያለችበት አገር ላይታይ ስለሚችል ቢያንስ አንድ ጊዜ በቀጥታ ስልክ እንድትደውል አድርጉ።

ከዚያ አንድ የተማሪ ደብተር ያዙ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ከቤት ካለ እርሱ ይጻፍ። እንዲህ ዓይነት ነው፦

«ጥቅምት 4 ቀን፣ ማታ። በኢሞ አወራን፣ ሦስት ደቂቃ ያህል። የመስከረም ደመወዝ አልተከፈለኝም አለች። ቀኝ እጇ በፋሻ ታስሯል። በዘይት ነው አለች። ማዳሟ ከኋላዋ ቆማ ነበር።»

ምንም ትርጓሜ አትጨምሩበት፤ የታየውንና የተሰማውን ብቻ ጻፉ። በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ቀኑን አስፍሩ፤ እዚያ የሚያነበው ሰው መስከረምን አያውቅም። የድምፅ መልእክቶቿን አታጥፉ። ስልክ ስትቀይሩ ኢሞው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዳይጠፋ በሚሞሪ ላይ አስገልብጡ።

ገንዘብ በባንክ ወይም በቴሌብር በኩል ትላክ። በጥቁር ገበያ የተሻለ ይገኛል የሚለው ክርክር ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ጉልበቱ ቀንሷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ምንዛሪው አይደለም። በባንክ የመጣ ገንዘብ ቀን አለው፤ ደመወዝ እስከ መቼ ይከፈላት እንደነበረና መቼ እንደቆመ ያሳያል።

5. ችግሩን ለዩ

«ተቸግራለች» የሚለው ቃል በውስጡ ስድስት ሰባት የተለያየ ጉዳይ ይዟል፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም።

ደመወዝ ከተከለከለች ወይም ኮንትራቷ አልቆ ካልለቀቋት ጉዳዩ የኮንትራት ጉዳይ ነው፤ በኤጀንሲው ይጀመራል። እዚህ ላይ ያለችበትን አገር ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 68 የቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ እንዲኖራት ደንግጋለች፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛውን ደመወዝ 60 ዲናር አድርጋ ነበር። ኳታር ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ጨምሮ ለሁሉም ሠራተኛ ዝቅተኛውን ደመወዝ 1,000 ሪያል አድርጋለች። ኤምሬትስ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ድንጋጌ ቁጥር 9 በቀን 12 ሰዓት ዕረፍትና ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ሰጥታለች። ሳዑዲም ለቤት ሠራተኞች የተለየ ደንብ አላት፤ ሳምንታዊ ዕረፍትና ከሁለት ዓመት በኋላ የአንድ ወር የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። የሊባኖስ ይለያል፦ የ1946ቱ እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ አውጥቷቸዋል። ስለዚህ ሊባኖስ ላለች ልጅ ከሕጉ ይልቅ በእጇ ያለው ኮንትራት ይከብዳል። ቤይሩት ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚው ቀውስ ሲብስ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ያለ ደመወዝ አራግፈው የሄዱትም ጠያቂ እንደሌለ አውቀው ነው።

ከተደበደበች ወይም ከተደፈረች ጉዳዩ የወንጀል ነው፤ ኤጀንሲ መጠበቅ የለበትም። የፖሊስ ስልክ በኤምሬትስና በኳታር 999፣ በኩዌትና በሊባኖስ 112 ነው። በሳዑዲ ሪያድ፣ መካ፣ ጅዳ፣ መዲናና ደማም አካባቢ 911፣ በሌላው ክፍል 999 ነው። በሳዑዲ የሥራ ቅሬታ የሚቀርብበት ስልክ 19911 ነው። ፖሊስ «ሹርጣ»፣ ኤምባሲ ደግሞ «ሲፋራ» መባሉን ከመሄዷ በፊት ታጥና። ጉዳቷን በፎቶ ትላክላችሁ፤ ከዚያ ከራሷ ስልክ ታጥፋው።

«ልጥፋ ወይ?» ብላ ከጠየቀች ምን ትላላችሁ? እናቶች «ቻይው ልጄ» ይላሉ፤ እዚያ ያሉ ጓደኞቿ «ጥፊ፣ ውጭ ብትሠሪ እጥፍ ታገኛለሽ» ይላሉ። ሁለቱም ምክር አደገኛ ነው። ከቤት ከወጣች አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ያስመዘግባታል፤ ሕጋዊነቷን ታጣለች፣ በተያዘች ቀን ወደ ማቆያ ትገባለች፣ ያልተከፈላትን ደመወዝ መጠየቅም ይከብዳታል። ስለዚህ ለደመወዝ ብላ አትውጣ፤ በኤጀንሲው ይጠየቅላት። ሕይወቷ ወይም ክብሯ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ትውጣ፤ የምትሄደውም ወደ ጓደኛ ክፍል ሳይሆን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ኤምባሲ ነው። በሳዑዲ ኤምባሲው ሪያድ፣ ቆንስላው ጅዳ ነው፤ በኤምሬትስ ኤምባሲው አቡዳቢ፣ ቆንስላው ዱባይ፤ ለሊባኖስ ቆንስላው ቤይሩት።

ድምፅዋ ከጠፋ አትደናገጡ፤ ግን ዝም ብላችሁም አትቀመጡ። ስልክ መንጠቅ የተለመደ ነው። በልማድ የምትደውልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ሁለት ሳምንት ከሞላው አመልክቱ።

6. አቤቱታ መጻፍና ማስገባት

ማመልከቻ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ልቅሶ አይጻፍበት። «ልጃችን በአረመኔዎች እጅ ወድቃ እየተሰቃየች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሠራተኛውን ምንም አያሠራውም፤ የፓስፖርት ቁጥር ግን ያሠራዋል። ያልሆነውንም አትጨምሩ፤ ደመወዝ ለተከለከለች ልጅ «ልትገደል ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ ኤምባሲ ደውሎ ደኅና መሆኗን ሲሰማ የሚቀጥለውን ደብዳቤያችሁን አያምንም። ይህን ናሙና ገልብጡ፦

«ለ… ወረዳ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ኮንትራቷ አልቆ በአሠሪዋ ቤት የተያዘች ልጃችንን ይመለከታል

ልጃችን በፓስፖርት ስሟ … ፣ የፓስፖርት ቁጥር … ፣ በ… ኤጀንሲ አማካይነት በ… ቀን … ዓ.ም. ወደ … አገር … ከተማ ሄዳለች። አሠሪዋ … ሲባሉ ስልካቸው … ነው። የሁለት ዓመት ኮንትራቷ በ… ቀን ያለቀ ሲሆን ከ… ወር ጀምሮ ደመወዝ አልተከፈላትም። ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርናት በ… ቀን በስልክ ቁጥር … ነው። ስለዚህ ኤጀንሲው ያልተከፈላት ደመወዝ እንዲከፈላትና በአሠሪው ወጪ እንድትመለስ እንዲያደርግ ይታዘዝልን ዘንድ እናመለክታለን። … ገጽ ማስረጃ አያይዘናል።»

ከታች ግልባጭ ይጻፍ፦ ለክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ፣ ባሕር ዳር፤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፤ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ ጉዳዮች፤ ባለችበት አገር ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፤ ለኤጀንሲው። «ወረዳው መልስ ሲሰጠን ወደ ክልል እንሄዳለን» እያላችሁ አትጠብቁ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይድረሳቸው። ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር የጋራ ኃላፊነት አለበት፤ «እኛ ልከናል፣ ከዚያ ወዲያ አያገባንም» የሚል መልስ በሕግ አይቆምም። ይህን መልስ በቃል ከሰጡ በጽሑፍ እንዲሰጡ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ በጽሑፍ አይሰጡም፤ ይልቁንስ ስልክ ማንሳት ይጀምራሉ።

ለሠራተኛው በእጁ ሰጥታችሁ አትምጡ። በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ይሁን፤ በእናንተ ቀሪ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ማኅተም ይረፍበት። ይህ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በየሳምንቱ ያንን ቁጥር ጠርታችሁ ጠይቁ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ተወካይ ይሁን፤ አባት አንድ፣ አጎት ሌላ ሲናገሩ ፋይሉ ይዘበራረቃል።

ያለ ኤጀንሲ የሄደችስ? ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ጉዞውን አግዶ ስለነበር በእነዚያ ዓመታት በጉብኝት ቪዛ የወጡ ብዙ ናቸው፤ ዛሬም በዚያው መንገድ የሚሄዱ አሉ። ለእነርሱ ማመልከቻው በቀጥታ ለቆንስላ ጉዳዮችና ለኤምባሲው ይሂድ። ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅትም በፈቃዳቸው መመለስ ለሚፈልጉ ድጋፍ ይሰጣል። የሕግ ምክር የሚያስፈልገው ሰው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከልንና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ይጠይቅ።

7. አጋቾች ሲደውሉ

ልጅ በሊቢያ፣ በየመን ወይም በሱዳን መንገድ ተይዞ ገንዘብ ሲጠየቅበት፣ ቪዲዮ ይላካል፤ ጩኸት ይሰማል። ያን ሰዓት ቤት ውስጥ የሚያስብ ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ስልኩን ከእናት ተቀብሎ የሚያነጋግር ጠንካራ ዘመድ ይመደብ። ልጁ ራሱ እንዲናገርና በቤት ብቻ የሚታወቅ ነገር እንዲመልስ ይጠይቅ፤ የወተት ላሟን ስም ወይም የሰንበቴውን ዳኛ ስም። አጋቾቹ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያስገቡት እዚሁ አገር ባለ የባንክ ሒሳብ ነው። የሒሳቡ ቁጥርና የባለቤቱ ስም ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነውና ጻፉት፤ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግም አቅርቡት። ለመክፈል ወይም ላለመክፈል መወሰን የቤተሰቡ ነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚፈርድ ሰው ልጁ አልተያዘበትም። ከከፈላችሁ ግን ደረሰኙን ያዙ፤ ልጁን የመለመለውን የሰፈር ደላላ ስምም አትሸፍኑ።

8. ተሰባሰቡ

አንድ አባት ወረዳ ሲገባ «ነገ ና» ይባላል። ሃያ ወላጆች ዝርዝር ይዘው ሲገቡ ኃላፊው ወንበር ያቀርባል። አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትድከሙ፤ ዕድሩና ሰንበቴው አለ። ከስብሰባው በኋላ ልጅ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ይቆይና በአንድ ወረቀት ላይ ስም፣ አገር፣ ኤጀንሲ፣ የችግሩ ዓይነት ይመዝገብ። አንድ ኤጀንሲ ወይም አንድ ደላላ በአምስት ቤት ስሙ ከተደጋገመ ለሚኒስቴሩ የሚቀርበው አቤቱታ ስለ አንዲት ልጅ መሆኑ ይቀርና ስለ ፈቃድ መሰረዝ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ሰው ይሰማል።

የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ በሪያድም በቤይሩትም አለ፤ በእነርሱ በኩል ማቆያና ሆስፒታል ያሉ ልጆችን ማስጠየቅ ይቻላል።

በፌስቡክና በቲክቶክ ጉዳይ ላይ ጥንቁቅ ነኝ። ዘመቻ ኤምባሲን የሚያነቃበት ጊዜ አለ። ግን ገና በአሠሪዋ ቤት ያለችን ልጅ ፊትና ያለችበትን ሰፈር መለጠፍ አሠሪው ስልኳን እንዲነጥቅና ወደ ሌላ ከተማ እንዲወስዳት መንገር ነው። የተደፈረችን ልጅ ስም ያወጣ ሰው ደግሞ ነገ ወደ ቀዬዋ እንዳትመለስ በሩን ዘግቶባታል። ለመለጠፍ ከተወሰነ እርሷ ራሷ ትፍቀድ፤ ያለችበት ቦታ አይጠቀስ፤ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚሰጠው ሒሳብም በዕድሩ የሚታወቅ ይሁን።

9. ሞት ሲሰማ

በማኅበራዊ ሚዲያ ሞተች የተባለች ልጅ ከሳምንት በኋላ ደውላ ታውቃለች። ከኤምባሲው ወይም ከቆንስላ ጉዳዮች ማረጋገጫ ሳይመጣ ለእናት መርዶ አይነገር። ከተረጋገጠ የፖሊስ ሪፖርት፣ የሞት ምክንያት የተጻፈበት የሆስፒታል ማስረጃ፣ ያልተከፈለ ደመወዟና ዕቃዋ በጽሑፍ ይጠየቅ። «እዚሁ እንቅበራት፣ ፈርሙ» የሚል ስልክ ከመጣ የሞቷ ምክንያት ሳይታወቅ አትፈርሙ። አስከሬኑን የመላኩ ወጪ የአሠሪውና የኢንሹራንሱ ጉዳይ ስለሆነ ከሰፈር መዋጮ በፊት እርሱ ይጠየቅ። ውርስና ካሳ ለመቀበል ከወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ወደ ውጭ የሚላክ ውክልናም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት።

10. ስትመለስ

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ የወራት ደመወዛቸውን ትተው በለበሱት ልብስ ነው ቦሌ የደረሱት። መመለስ ጥያቄውን አይዘጋውም። ኤጀንሲ የነበራት ልጅ ኮንትራቷንና የቤቱን ደብተር ይዛ እዚሁ ሆና ቀሪ ደመወዟን ከኤጀንሲው መጠየቅ ትችላለች። በተመለሰች በሳምንቱ ማመልከቻ ታስገባ፤ ውሎ ሲያድር ኤጀንሲውም ይዘጋል፣ ስልኩም ይቀየራል።

እንቅልፍ ካጣች፣ ከሰው ከሸሸች፣ ብቻዋን ካወራች ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል መውሰድ ከፈለጋችሁ ውሰዷት፣ መድኃኒቷን ግን ይዛ ትሂድ፤ ማቋረጥ በሽታውን ያብሳል። በሰንሰለት አትሰሯት። እዚያም ተቆልፎባት ነው የኖረችው።

ጎረቤት «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ብሎ ሊጠይቅ ይመጣል፤ ቡናው ሳይወርድ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይላል። ከቤቱ አንድ ሰው፣ ታላቅ እህት ወይም አክስት ብትሆን ይሻላል፣ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እርሷ ትመልስ። ልጅቱ በጓዳ በኩል ወጥታ የምትቀመጥበት ቦታ ይኑራት።